አራተኛው ጠርሙስ

ሐሙስ ማታ ነበር፣ ዝናብ ያዘንባል፤
አሳንሰሩ ተበላሽቶ፣ የቫልፓራይሶን ኮረብታ ሰው በእግሩ ይወጣል፤
ኒባልዶ ከወይን ሱቁ በር ላይ ብቅ እያለ ያያል፣
«ሃያ ሰው ጋብዣለሁ፣ ሃያ ብርጭቆ ታጥቧል» ይላል።
(ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ማን ይቆጥራል።)

ከሃያው የመጡት ስድስት ሰዎች ናቸው፦
ወንበር ያዋሰችን ፀጉር ሠሪዋ ያስና፣ ወንበሮቿን ልትጠብቃቸው፤
ሁለት ተማሪዎች፣ ነፃ የተባለ አይብ የጠራቸው፤
ባልና ሚስት፣ መንገዱን ሙሉ ተጨቃጭቀው እደጃፉ ሲደርሱ ፈገግታ የመጣላቸው፤
ሽማግሌው ሊሳንድሮም አለ፣ ጥግ ይዞ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣
አርባ ዓመት ያለ ደመወዝ የሰፈሩን እሳት ሲያጠፋ የኖረ፣ አሁን ማንንም የማይጠይቅ።

ኤርሲሊያ ከኢታታ ሸለቆ በሌሊት አውቶቡስ መጣች፣
ሣጥኗን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለማንም አልሰጠች።
ጥፍሯ ሥር ጥቁር ነው፤ ለማስለቀቅ ሞክራ ሞክራ እንደተወች
ያስታውቃል። ሰው ፊት መናገር አልለመደች፤
ወረቀቷን አወጣች፣ አየች፣ አጠፈች፣ ኪሷ ከተተች።
«ይሄ የመጀመሪያው ነው» ብላ ቀዳች።

አንደኛው ነጭ ነበር። ባልየው ዐይኑን ጨፍኖ፣ አሽትቶ
«የሎሚ ቅጠል» አለ፣ በራሱ ረክቶ፤
ሚስቱ «የእናቴ ሳሙና» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞልቶ
ኤርሲሊያም ሳቀች፣ ትከሻዋ ላልቶ።

ሁለተኛው ጉሽ ነው፣ ቀይ፣ ያልተጣራ፣
አምቡላው ከሥሩ ሲንጠራራ።
«ግንዱ የአያቴ አባት የተከለው ነው፣ እስከ ዛሬ ያፈራ፤
መስኖ አያውቅ፣ ሽቦ አያውቅ፣ ብቻውን ይኖራል በተራራ።
ነጋዴ መጥቶ በኪሎ ሳንቲም ሲጠራ
አባቴ ይሸጥ ነበር። እኔ እንቢ አልኩ፤ መጥመቅ ጀመርኩ፣
በአሮጌ ጋን፣ በዕዳ፣ በፉከራ።»

ሦስተኛውን ሁሉም ወደደው፤
እኔ ግን ስሙን እንኳ ዛሬ አላስታውሰው።
ደግ ነገር እንዲህ ነው፤ ይጠጣል፣ ያልቃል፣ ማንም አይተርከው።

ሣጥኑ ውስጥ አንድ ቀርቷል። ስም የለው፣ ምልክት የለው።
«ያስ?» አለ ተማሪው።
በመዳፏ ሸፈነችው።
«እሱ አይሸጥም። ባለሙያ ቢቀምሰው
‹ጉድለት› ይለዋል፤ ልክ ነው።
በዚያ በጋ፣ ለቀማው ሦስት ሳምንት ሲቀረው
ጥዱ ተቀጣጠለ፣ ነፋሱ ወደኛ አዞረው።
ቤታችን ተረፈ። ወይኑም አልነደደ፤ ጭሱ ብቻ ነው
አሥራ አንድ ቀን ዘለላው ላይ የተኛው።
ፍሬውን አጠብነው፤
ለካ ቆዳው ውስጥ ገብቷል፣ አላየነው።
ጋን ሙሉውን ደፋሁት፣ መሬት ጠጣው።
ይቺን ግን...
በሄድኩበት ይዣት እሄዳለሁ። አልከፍታት፣ አልጥላት።»

ያን ጊዜ ሊሳንድሮ፣ ማታውን ሙሉ ቃል ያልወጣው፣
ብርጭቆውን በጠረጴዛው ላይ ገፋው።
«ቅጂልኝ።»
ወደ ኒባልዶ አየች፤ ኒባልዶ ወደ ጣሪያው።

ቡሹ ወጣ።
እርጥብ አመድ ሸተተ፣ የተቃጠለ በር፣ ውሃ የፈሰሰበት ፍም።
ያስና አፍንጫዋን ያዘች፤ ባልየው ቃል አጣ።
ሊሳንድሮ ተጎነጨ፤ አፉ ውስጥ አቆየው፤ ዋጠው፤
ተነሥቶ ኮቱን አወለቀ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ከእሳት ስመለስ ሚስቴ በር ላይ ታሸተኝ ነበር።
ብታጠብ፣ በሎሚ ብፈተግ፣ ትራሴ ላይ ይሄው ይቀር ነበር።
‹ከማን ጋር አደርክ?› ትለኛለች። እያወቀች።»
ወደ ብርጭቆው አየ። «ስድስት ዓመቷ።
ስንት ነው ይሄ?»
«አይሸጥም» አለች።
«ስንት ነው?» አለ ደግሞ።
ለራሷም ቀዳች፤ ማታውን ሙሉ ቆማ፣ አሁን አጠገቡ ተቀመጠች።

ኒባልዶ ሒሳቡን ሠራ፤ አምስት ጠርሙስ፤ ለመልስ ቲኬቷም አይበቃ።
የተረፈውን ሽማግሌው በኮት ኪሱ ይዞት ወረደ፣ ደረጃውን እየቆጠረ።

እኔ ብርጭቆ አጠብኩ፤ ያልተነኩትንም አሥራ አራት።
የሱን ሁለቴ በሳሙና፣ አንዴ በሆምጣጤ አጠብኩት።
ዛሬም ከመደርደሪያው፣ መብራት ጠፍቶ እንኳ፣ መርጬ አወጣዋለሁ።